አባቴ ከቦንጋ ያመጧቸው ቅጠሎች

ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ የተለጠፉትን ሰባት ደረቅ ቅጠሎች አይታችሁ "ይህ ደግሞ የምን ገለባ ነው?" ያላችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። ታሪካቸው ረዘም ስለሚል፣ ቆማችሁ የምታነቡ ሁሉ እግራችሁ ቢዝል ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገሩን ልጀምር። ባለፈው ወር ለማስተማር ልምምድ በተላክሁበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል ተማሪዎችን "ደን ሣሉ" አልኋቸው። 43 ልጆች ናቸው። ደብተሮቹን ሰብስቤ ባይ 41ዱ የሣሉት አንድ ዓይነት ሥዕል ሆኖ አገኘሁት፤ ቀጥ ቀጥ ያሉ፣ ቁመታቸው እኩል የሆነ፣ እንደ ወታደር የተሰለፉ ዛፎች። ከዛፎቹ አጠገብ ደግሞ ጭስ የሚወጣበት የከሰል ክምር። ይህን የምለው ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። እኔም በእነሱ ዕድሜ ሣል ብባል ኖሮ ያንኑ ነበር የምሥለው። ሐሳቤን የለወጠው በ2014 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከአባቴና ከእናቴ ጋር ያደረግሁት ጉዞ ነው።

አባቴና እናቴ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ከተጋቡ 30 ዓመት ቢያልፋቸውም አብረው የሄዱበት ረጅሙ መንገድ እናቴ ታማ ወደ ባሕር ዳር የሄዱበት ብቻ ነበር። ታላቅ እኅቴ ነርስ ናት። በዩኒቨርሲቲ የተዋወቀችውን የከፋ ተወላጅ አግብታ በቦንጋ ከተማ ትኖራለች። በዚያ ዓመት ጥር ላይ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። በእኛ አገር ልማድ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ እሷ ግን ሥራውም ርቀቱም ስላልፈቀደላት አልመጣችም። እናቴ ሁለት ቀን ዝም ብላ ሰነበተችና በሦስተኛው ቀን ቡና እየቀዳች፣ "እሷ ካልመጣች እኔ እሄዳለሁ" አለች።

"በምን ገንዘብ?" አሉ አባቴ።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘቡ ልናገር። የአዊ ልጆች የምታውቁት ነገር ቢሆንም ከሌላ አካባቢ ለመጣችሁ ይጠቅማል። በእኛ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል። የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር አብሮ ይበቅላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ከሥሩ የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ተቆርጦ ከሰል ይሆንና መሬቱ እንደገና ይታረሳል። ከሰሉ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ስንቱ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው፣ ስንቱ ልጅ ደብተርና ጫማ ያገኘው በዚህ ዛፍ ነው። እኔም ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ ዲከረንስን የሚሰድብ ሰው ቢኖር ቀድሜ የምከራከረው እኔ ነኝ።

ብቻ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዛፉን በሽታ ገባበት። ባለሙያዎች የዝገት በሽታ ይሉታል። ቅጠሉና ለጋው ቅርንጫፍ ቡናማ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይደርቃል። የእኛም ማሳ ተያዘ። አባቴ የባሰ ሳይመጣ ብለው ገና በሦስተኛ ዓመቱ አስቆረጡት። ከሰሉ ተሸጦ የሠራተኛው ሒሳብ ሲነሣ 9,000 ብር ተረፈ። አባቴ ይህን ብር ለማዳበሪያ ነበር ያሰቡት።

ክርክሩ አንድ ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ እናቴ፣ "አንቱ፣ ማዳበሪያ ለከርሞም ይገዛል፤ የልጄ አራስነት ግን ለከርሞ አይቆይም" ብትላቸው አባቴ ተረቱ። ብቻዋንም አልላክም ብለው አብረው ተነሡ። እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስለነበርሁ ጽሑፍ እንዳነብና ሒሳብ እንድይዝ ሦስተኛ ሆኜ ተጨመርሁ። አንድ አሮጌ ደብተር ተሰጠኝና ከሽፋኑ ላይ "የጉዞ ወጪ" ብዬ ጻፍሁ።

ሰኞ የካቲት 7 ቀን ንጋት ላይ ተሳፈርን። ስንቃችን ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ሁለት ድፎ ዳቦ ሲሆን፣ ለአራሷ ደግሞ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ይዘናል። ሆቴል ገብቶ መብላት በዕቅዳችን ውስጥ አልነበረም። በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስ አድርገን ደጀን ስንደርስ መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ጀመረ። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ያልበዋል። እናቴ ወንዙን አይታ፣ "ከእኛ አገር የሄደው አፈር ሁሉ እዚህ ነው ያለው ማለት ነው" አለች። አባቴ ምንም አልመለሱም። እኔ በዚያን ሰዓት ንግግሯን እንደ ቀላል ነገር ነበር ያየሁት።

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አደርን። ጠዋት ግን ይህ ጽሑፍ ሊደብቀው የማይገባ ስሕተት ሠራሁ። ከመናኸሪያው ደጃፍ አንድ ደላላ ቀርቦ "ቀጥታ ቦንጋ!" ቢለኝ፣ ለሦስታችንም እስከ ቦንጋ ያለውን ብሎ የጠየቀኝን ከፈልሁት። ወረቀቱን አላነበብሁም። እንዳነብ የተላክሁት እኔ ነበርሁ! መኪናው ጅማ ሲደርስ ረዳቱ "መጨረሻ ነው" አለ። ከ800 ብር በላይ በከንቱ ጠፋ። ደላላውም ሲሣይ ሆኖለት ቀረ።

የገንዘብ ነገር ሲሆን ወላጆቼ ወደ አዊኛ ይዞራሉ። ከጎናቸው ቆሜ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። አባቴ፣ "ልጁን እንዳትቆጪው፤ እኔም በሱ ዕድሜ ከቅዳሜ ገበያ ዓይኑ የታመመ በሬ ተታልዬ ገዝቻለሁ" አሏት። እናቴም ፈገግ ብላ ከመቀነቷ አንድ ቋጠሮ ፈታች። 1,500 ብር ነበር። አባቴ እንኳ መኖሩን አያውቁም። ደብተሩ ላይ የጠፋውን ብር "ልዩ ልዩ ወጪ" ብዬ ጻፍሁት፤ አሁንም እንዲያው እንዳለ ነው።

ጅማ ላይ ባለ አንድ አልጋ ክፍል ተከራየን። አባቴ "አልጋው ለእናትህ" አሉ፤ እናቴ "አልጋው ለአባትህ" አለች፤ ሲገፋፉ ቆይተው ሁለቱም ወለሉ ላይ ጋቢ አንጥፈው ስለ ልጅ ልጃቸው ሲያወሩ አደሩ። አልጋው ላይ የተኛሁት ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

ጠዋት የቦንጋ መኪና እስኪሞላ ድረስ በእግራችን ከተማውን ዞርን። ጅማ ከእኛ አገር ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ስለሆነ በየግቢው ማንጎና አቦካዶ ይታያል። አባቴን ያስቆማቸው ግን የጅማ ወንበር ነው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሲሆን ያለ ሚስማር፣ ያለ ማጣበቂያ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። አባቴ ገልብጠው አዩት፣ በጣታቸው አንኳኩት፣ አሸተቱት። "ዋንዛ ነው" አሉ። ዋጋውን ጠየቁና መልሰው አስቀመጡት። ትንሽ እንደ ሄድን፣ "እኔ የተከልሁት ዛፍ ለመቀመጫ እስኪበቃ ድረስ ቆይቶ አያውቅም" አሉኝ። ቅሬታ ይሁን ትዝብት አልገባኝም።

ከጅማ ወደ ቦንጋ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎጀብን ተሻግረን ዳገቱን ስንይዝ የመኪናው ሰው ሁሉ ያወራል፣ የእኔ ወላጆች ግን በመስኮት ማየት ብቻ ሆነ ሥራቸው። ተራራው ከእግሩ እስከ አናቱ አረንጓዴ ነው፤ ያውም በበጋ! ቦንጋ የደረስነው ረቡዕ ማታ ነው። ከተማዋ ኅዳር 2014 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች ሦስት ወር ያህል ብቻ ስለሆናት ሽር ጉዱ ገና አልበረደም ነበር። የእናትና የልጅን መገናኘት አልጽፈውም። ሕፃኑን አባቴ ሲያቅፉት እጃቸው መንቀጥቀጡን ብቻ ልናገር።

በማግስቱ ለእንግዳ ተብሎ ቆጮ ቀረበ። እናቴ የእንሰቱን ተክል ከጓሮ አይታ፣ "ይኸማ ኮባ ነው! በእኛ አገር ቅጠሉን ለዳቦ መጋገሪያ እናደርጋለን እንጂ ግንዱን ማን ይበላል?" ብላ የአማቻችንን እናት አሳቀቻቸው። ሁለቱ ሴቶች ቋንቋ ሳይግባቡ እየተሳሳቁ ዋሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አማቻችን ወደ ደኑ ወሰደን። የግብርና ባለሙያ ነው። ከከተማው ጥቂት በባጃጅ፣ ከዚያም በእግር ሄድን። ሲገባ ብርሃኑ ይለወጣል። ከላይ ጠራራ ፀሐይ ሳለ ከውስጥ ማለዳ ይመስላል። መሬቱ ስፖንጅ ነው። አንዱ ዛፍ በሌላው ትከሻ ላይ፣ ሐረጉ በሁለቱም ላይ፣ ሽበት የመሰለ ሽበቶ ደግሞ በሐረጉ ላይ። ከላይ ጉሬዛ ነጭ ጭራውን እያንዘረፈፈ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ከፍ ባሉ ዛፎች ላይ ቀፎ ተሰቅሎ ይታያል። ከሥር ደግሞ ማንም ያልኮተኮተው ቡና ዝናብ ነካ አድርጎት ስለነበር አብቧል። የቡና አበባ እንዴት እንደሚሸት ላልሸተታችሁ ሰዎች ማስረዳት አልችልም፤ ጽጌረዳ ብል ይርቃል።

እናቴ በድንገት ጎንበስ አለችና "ወይኔ!" አለች። ከአንድ ረጅም ቅጠላም ተክል ሥር፣ ከመሬቱ ላይ ቀይ ፍሬ ወጥቷል። ኮሮሪማ ነው። "ዕድሜዬን ሙሉ በቅዳሜ ገበያ በቁጥር ስሸምትሽ ኖሬ፣ ዛፍ ላይ የምትበቅይ ይመስለኝ ነበር!" ብላ ፍሬዋን እንደ ሰው አነጋገረቻት።

አባቴ ደግሞ ሌላ ሥራ ይዘዋል። ያላዩትን የዛፍ ዓይነት ባዩ ቁጥር ከወደቁት አንድ ቅጠል እያነሡ በጋቢያቸው ጫፍ ይቋጥራሉ። አማቻችን ስሙን ይነግራቸዋል፦ ቀረሮ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ጥቁር እንጨት፣ ወይራ፣ ብርብራ፣ ለነጭ ማር ንቡ የሚቀስመው ጌተም። ግማሹን ያውቁታል፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢና በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ አይተውታል። እንዲህ ተቃቅፎ ግን አላዩትም። ሠላሳ አንድ ቅጠል ሲሞላ ቆሙና፣ "ይህን ሁሉ ማን ተከለው?" ብለው ጠየቁ።

"ማንም አልተከለውም፣ አባባ። ያልቆረጡት ሰዎች ናቸው ያቆዩት" አለ አማቻችን።

"ዝናቡማ ከእኛ አገር ዝናብ አይበልጥም" አሉ አባቴ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። "ዝናብ እኛም አለን።"

አንድ ትልቅ ቀረሮ ጋ ስንደርስ ግንዱን ለመለካት አራታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ከበብነው። አልገጠመም፤ በእኔና በአማቻችን መካከል አንድ ክንድ ያህል ጎደለ። በወዲያኛው በኩል ግን አባቴና እናቴ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። በሃያ ዓመት ዕድሜዬ ይህን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዛፉን ለቀን ከሄድን በኋላም ጥቂት እርምጃ ድረስ አልተላቀቁም።

ማታ በቡናው ላይ አባቴ የዲከረንሱን በሽታ ለአማቻችን ነገሩት። እሱም በምላሹ የነገረን ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ቡናም ዝገት አለው አለ። እንግሊዞች ሲሎን ባሉት በዛሬው ስሪ ላንካ ተራራውን ሁሉ በቡና ብቻ ሸፍነው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1869 የቡና ቅጠል ዝገት ታየ፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ እርሻው ጠፋና ሻይ ተተከለበት። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ የሚባለው ገባ፤ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር። በዚያን ጊዜ የጅማው የመልኮ ምርምር ማዕከል ሰዎች መድኃኒት ብቻ አልፈለጉም። በደቡብ ምዕራብ ደኖችና በየገበሬው ማሳ ገብተው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲታመም እሱ ያልታመመውን የቡና ዛፍ ፈለጉ። አገኙም። በኢሉባቡር ከተገኙት መካከል 74110 እና 74112 የተባሉት ይገኙበታል፤ 74 ማለት የተመረጡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. 1974 ነው። ገበሬው ዛሬም ይተክላቸዋል።

"እንግዲህ የዚህ አገር ቡና የዳነው ዘመዶቹ በአጠገቡ ስለነበሩ ነው" አለ አማቻችን። "ሌላው ዓለም ይህ ዕድል የለውም። ከአምስተርዳም ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1714 የተሰጠች አንዲት የቡና ችግኝ ነበረች። በላቲን አሜሪካ ብዙው ቡና የወጣው ከእሷና ከጥቂት መሰሎቿ ነው።"

አባቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "የእኔ ዛፍ ዘመዶች ግን አውስትራሊያ ናቸው" አሉ።

ማንም አልሣቀም።

እኔ በበኩሌ ሌላ ነገር እያሰብሁ ነበር። 9ኛ ክፍል ሳለሁ "የዝናብ ደን የት ይገኛል?" ለሚለው ጥያቄ "አማዞን፣ ኮንጎ፣ ኢንዶኔዥያ" ብዬ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ከፋ የሚል ቃል ከብዕሬ አልወጣም። በእርግጥ የከፋ ደን ደጋማ በመሆኑ እንደ አማዞን ቆላ የዝናብ ደን አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ እርጥብ የደጋ ደን ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ነገር ግን ያገሬ ሰው በሁለት ቀን መኪና የሚደርስበትን ሳላውቅ ውቅያኖስ ማዶ ያለውን መሸምደዴ አሳፈረኝ።

ከአሥር ቀን በኋላ አዲስ ቅዳም ስንመለስ በእጃችን 340 ብር ቀርቶ ነበር። ማዳበሪያው በዱቤ ተገዛ። ዕዳው ለመከፈል እስከ ቀጣዩ ዓመት ፈጀ፤ ይህንንም መደበቅ አይገባኝም። እናቴ በጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችው የኮሮሪማ ሥር ብርዳችን ስላልተስማማው ክረምቱን ሳያልፍ ሞተ። አባቴ ዲከረንስ መትከሉን አልተዉም፤ ሌላ የገንዘብ መንገድ የለንም። ግን በማሳው ዳር ዳር ኮሶ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት ተከሉ። ጎረቤት "ይህን መች ልትቆርጡት ነው?" እያለ ሲሥቅባቸው፣ "እኔ አልቆርጠውም" ይላሉ።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገዱ እንደ ልብ አልሆነም። እናቴ የልጅ ልጇን የምታየው በስልክ ነው። "ያን ጊዜ ማዳበሪያ ገዝተን ቢሆን ኖሮ..." ብላ ትጀምርና ትተወዋለች። አባቴም አይጨርሱላትም። ከልባቸው ግን ያ ብር በከንቱ እንዳልወጣ ያውቃሉ።

ለማጠቃለል ያህል፣ ለእጩ መምህራን ጓደኞቼ የምለው አለኝ። የትምህርት መርጃ የለም እያልን እናማርራለን። አባቴ ግን ማንበብ ሳይችሉ በጋቢ ጫፍ 31 የትምህርት መርጃ ይዘው መጥተዋል። በየተመደብንበት ቀበሌ አንድ አሮጌ ደን፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ግቢ አይጠፋም። ልጆቹን ይዘን ገብተን ቅጠል እናስለቅም፤ ስሙንም ከሽማግሌ እናስጠይቅ።

እኔ ቅጠሎቹን ይዤ ወደዚያው 4ኛ ክፍል ተመልሼ ነበር። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስማቸውን ነገርኋቸው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ "መምህር፣ ቀረሮ ከሰል ይሆናል?" አለኝ። ክፍሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁና መልስ ሳልሰጠው ደወሉ ተደወለ። መልሱ የመጣልኝ ማታ መኝታዬ ላይ ነው፦ ይሆናል፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ሰኞ ስመለስ እነግረዋለሁ።

ከታች ያሉት ሰባቱ ቅጠሎች ከላይ ስማቸውን የጠራኋቸው ዛፎች ናቸው። ሰዎች ሆይ፣ እባካችሁ በጣታችሁ አትንኳቸው፤ ደርቀዋልና ይሰባበራሉ። የትኛው የማን እንደሆነ ለይቶ ያወቀ ካለ መልሱን በወረቀት ጽፎ ለአዘጋጆቹ ይስጥ።

ከአዲስ ቅዳም የመጣ እጩ መምህር